ዝም ያለ እግር

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ ስለ ነርቭ እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ያልመጡ ሰዎች "ጽፈሽ ላኪልን" ስላሉኝ ይኸው። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ያስታወስኩትን ግን እንደተናገርኩት አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከአባቴ እግር ልጀምር።

ሐምሌ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ፣ አባቴ የከሰል ምድጃውን ወደ እግሩ ሳብ አድርጎ ዜና ሊሰማ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ "ምንድነው የሚሸተኝ?" እያለች ከጓዳ ወጣች። የሚሸተው የአባቴ ካልሲ ነበር። ቀልጦ ቆዳው ላይ ተጣብቋል። እሱ ግን ዜናውን እየሰማ ነው። ምንም አልተሰማውም።

ስኳር ከያዘው ዓመታት አልፈው ነበር። "መሬቱን ስረግጠው ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል" ይል ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ቁስል ሳጥብ ነው የኖርኩት። ያን ቃል ግን ከገዛ አባቴ አፍ ስሰማው እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን የሚያመንን እግር ይዘን ሐኪም ቤት እንሮጣለን፤ ዝም ያለውን እግር ግን ደህና ነው ብለን እንተወዋለን። እኔ ከሚያመው ይልቅ ዝም ያለውን እፈራዋለሁ። ለምን እንደምፈራው ለማሳየት ከእግር ጣት እስከ አንጎል ያለውን መንገድ አብረን እንሂድ።

አውራ ጣታችሁን አስቡት። ቆዳው ውስጥ የነርቭ ክሮች ጫፍ አለ። ያ ክር በቁርጭምጭሚት፣ በባት፣ በጭን አልፎ ወገብ ጋ ወደ አከርካሪ ይገባል። ከዚያ በህብለ ሰረሰር፣ ማለትም አከርካሪው ውስጥ ባለው የነርቭ ገመድ፣ ወደ ላይ ይወጣል። አሁን የምላችሁን ልብ በሉ። ንክኪን የሚያደርሰው ክር ከአውራ ጣት ተነስቶ ማጅራት አካባቢ፣ የአንጎል ግርጌ እስኪደርስ ድረስ አንድ ህዋስ ነው። አንዲት ህዋስ! በዓይን የማትታይ ቀጭን፣ ርዝመቷ ግን ከ1 ሜትር በላይ። የህዋሷ ዋና አካል ያለው አከርካሪው ጎን ነው፤ ቀለቧን የምታዘጋጀው እዚያ ነው፤ እዚያ ሆና ነው እስከ ጣት ጫፍ ድረስ የምትቀልበው። ይህን ያዙልኝ፣ ስለ ስኳር ስናወራ እመለስበታለሁ።

ያቺ ህዋስ የአንጎል ግርጌ ስትደርስ መልእክቱን ለሁለተኛዋ ታቀብላለች። ሁለተኛዋ ወደ ሌላው ጎን ተሻግራ ታላመስ ለሚባለው የአንጎል ክፍል ታደርሳለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ከዚያ ተቀብላ ላይኛው የአንጎል ሽፋን ላይ ታሰፍረዋለች። የሕመም መልእክት የሚሻገረው ገና ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደገባ ነው፤ የንክኪው ከፍ ብሎ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ይሻገራሉ። ስትሮክ የመታው ሰው አንጎሉ በቀኝ በኩል ተጎድቶ ግራ እጁና ግራ እግሩ የሚያዙት ለዚህ ነው፤ የሚወርደው ትእዛዝም ይሻገራላ።

መልእክቱ ምንድነው? ብዙ ሰው ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ ያስበዋል። ኤሌክትሪክ መኖሩስ እውነት ነው። ግን እንደ ሽቦ አይደለም። ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቃላችሁ፦ ሰው ሲሞት ወይም ከብት ሲጠፋ አንዱ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል። ማዶ ያለው ይሰማና በራሱ ጉሮሮ እንደ አዲስ ይጣራል። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አሥረኛው ጉብታ ላይ ያለው ሰው የሚሰማው ድምፅ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ምክንያቱም የተጣራው ጎረቤቱ ነው። ነርቭ እንዲህ ነው የሚሠራው። በክሩ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ከውጭ ሶዲየም ይገባል። ገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ማለቴ ነው። ሶዲየሙ ሲገባ የዚያ ቦታ ኤሌክትሪክ ይገለበጣል፤ ያ መገለባበጥ ቀጣዩን በር ይከፍታል፤ እሱ ደግሞ ቀጣዩን። አንዱ ቦታ ላይ ሥራው የሚያልቀው በአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ኃይሉም በጣም ትንሽ ነው። ነርቭ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት 70 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ከሆነ የዚያ ሃያኛ እጅ ማለት ነው።

ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ ላይ የሚወጉት ማደንዘዣ እነዚህን የሶዲየም በሮች ነው የሚዘጋው። ጥርሱ ይነቀላል፣ ደሙ ይፈሳል፣ ጉብታው ላይ ያለው ሰው ግን አፉ ተይዟል። አንጎል ምንም ወሬ አይደርሰውም።

ደግሞ የጥሪው ድምፅ አይጨምርም አይቀንስም። ቀስ ብዬ ብነካሽም በመርፌ ብወጋሽም እያንዳንዱ ጥሪ ቁመቱ እኩል ነው። የሚለያየው ብዛቱ ነው። ቀላል ንክኪ ጥቂት ጊዜ ይጣራል፣ ኃይለኛው ቶሎ ቶሎ ይጣራል። የትኛው ክር እንደጮኸም ለውጥ ያመጣል። ለአንጎል የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው፤ ማን ጠራ፣ ስንት ጊዜ ጠራ። ሙቀቱ፣ ስለቱ፣ የልጅ እጅ ልስላሴ፣ ሁሉም ከዚህ ነው የሚሠራው። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር አደረግን። ሰላሳ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ሲጨመቅ የግራ ጎረቤቱን እንዲጨምቅ አልን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስምንት ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ለእያንዳንዱ ሰው ሩብ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ከእጅ እስከ አንጎል ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ የሚወርደው መንገድ ራሱ ከዚህ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። የቀረው የሚጠፋው ከህዋስ ወደ ህዋስ ሲቀባበሉና አንጎል "ተነካሁ፣ ልጨምቅ" ብሎ ሲወስን ነው።

የነርቭን ፍጥነት መጀመሪያ የለካው ሄርማን ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1850። አስተማሪው ዮሃንስ ሙለር ይህ ነገር በጭራሽ ሊለካ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ተማሪው የእንቁራሪት እግር ከነነርቩ ወሰደ። ነርቩን አንዴ ከጡንቻው ቅርብ፣ አንዴ ራቅ ካለ ቦታ ነካውና ጡንቻው እስኪኮማተር ያለውን የጊዜ ልዩነት ለካ። በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ አገኘ። ሰው ሁሉ እንደ መብረቅ ነው ሲለው የነበረው ነገር ከመኪና የማይፈጥን ሆነ።

በእኛ ሰውነት ውስጥ ግን ፍጥነቱ አንድ አይደለም። ወፍራም ሆነው ማየሊን የሚባል የስብ ሽፋን የተጠቀለለባቸው ክሮች አሉ። ሽፋኑ በየሚሊሜትሩ ገደማ ክፍተት አለው፤ ጥሪው ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሄዳል፤ ከእነዚህ ፈጣኖቹ በሰከንድ 100 ሜትር ይደርሳሉ። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖች ደግሞ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። የሰው እርምጃ ነው እኮ! የእግር ጣታችሁ ከአልጋ እግር ጋር የተጋጨ ቀን አስታውሱ። መጀመሪያ መጋጨታችሁን ታውቃላችሁ። ወዲያው ስለታም ነገር ጠቅ ያደርጋል። ከዚያ አንድ አፍታ አለች፤ "ወይኔ፣ ሊመጣ ነው" የምትሉባት። ከዚያ ያ የሚያቃጥለው፣ የሚጠዘጥዘው ይመጣል። አንድ ግጭት ነው፣ ግን ወሬው በተለያየ መንገድ ተጉዞ በተለያየ ሰዓት ደረሰ።

እናት የልጇን ጉልበት የምታሸውስ? እውነት ይሠራል። ስታሸው የንክኪው ፈጣን ክር ህብለ ሰረሰር ጋ ቀድሞ ደርሶ የሕመሙን መልእክት በር ላይ ይገፋዋል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በ1965 አወጡት። ሴት አያቶቻችን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

የጋለ ምጣድ ስትነኩም እጃችሁ የሚሸሸው ከማወቃችሁ በፊት ነው። ውሳኔው እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያልቃል። አንጎል ኋላ ነው የሚነገረው።

የሚጥሚጣውን ነገር ደግሞ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኝ ነበር። ሙቀት የሚያውቀው የነርቭ ጫፍ ላይ ያለው በር ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሆን ይከፈታል። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን በር አገኙት፤ ያገኙት ደግሞ በበርበሬ ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ያንኑ በር ይከፍተዋል። ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ስለዚህ ሚጥሚጣ "አቃጠለኝ" ስንል ትክክል ነን፤ አንጎላችን የደረሰው መልእክት የእሳት መልእክት ነው። ምላሳችን ግን አልተቃጠለም። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ ከስብ ጋር ነው የሚስማማው። ውኃ ስትጠጡ ያው ነው፤ ወተት ወይም አይብ ግን ያበርደዋል። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። መንገዱ ሲቋረጥ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ወደ ላይ የሚወጣው። በሀገራችን ይህን ያስተማረን ሥጋ ደዌ ነው። ባክቴሪያውን ያገኘው ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን ነው፣ በ1873። ይህ ባክቴሪያ ቀዝቃዛ የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ የነርቭን ሽፋን የሚሠሩት ህዋሳት ውስጥ ይገባል። ክርናችሁን ስትመቱ ኮረንቲ እንደያዘው ሰው የሚነዝራችሁ ነርቭ አለ አይደል? ከቆዳ ሥር ነው ያለው፣ ቀዝቃዛ ቦታ። እሱን ይወዳል። እሱ ሲጎዳ ትንሿና የቀለበት ጣት ይታጠፋሉ፣ ይደነዝዛሉ። ከዚያ ሰውየው የጋለ ድስት ያነሳል፣ አይሰማውም። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ አይሰማውም። ሌሊት አይጥ እንኳ ጣቱን ብትነክሰው አይነቃም። ለብዙ ዘመን በሽታው ራሱ ጣት እየበላ ይጨርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ፖል ብራንድ የሚባለው ሐኪም ሕንድ ውስጥ ቬሎር ላይ ሲሠራ ጣት የሚያልቀው በዋናነት ባልተሰማ ጉዳትና ባልታከመ ቁስል መሆኑን አሳየ። እኛ ግን ለእነዚህ ሰዎች የሰጠናቸው ስም ስድብ ነው፤ እዚህ አልደግመውም። ዘነበወርቅ ያለው የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ አለርት፣ በ1965 ተቋቁሟል፤ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምም እዚያው ጎኑ ነው። ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። የሞተው ነርቭ ግን ከባክቴሪያው ጋር አይድንም፤ ቶሎ መምጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስኳርም መጨረሻው ይመሳሰላል። ያችን ከ1 ሜትር በላይ የሆነች ህዋስ ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል ነርቩንም፣ ነርቩን የሚቀልቡትን ቀጫጭን የደም ስሮችም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚቸገረው ከቤቱ በጣም የራቀው ጫፍ ነው፤ የእግር ጣት። ስለዚህ መደንዘዙ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶች ይጀምራሉ። አንዳንዱን ሰው ሌሊት ያቃጥለዋል፣ መርፌ መርፌ ይለዋል። አንዳንዱን ምንም አይለውም። አባቴ ምንም ያላለው ነበር።

ወደ ታች የሚወርደውስ? እዚህ ላይ ጓያን አነሳለሁ፤ ከሰሜን የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ትእዛዝ ከአንጎል ወደ እግር ሲወርድ በዋናው መንገድ ሁለት ህዋሳት ናቸው። የመጀመሪያዋ ከአንጎል እስከ ህብለ ሰረሰር፣ ሁለተኛዋ ከዚያ እስከ ጡንቻ። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፤ ጓያ ግን ይበቅላል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የመጀመሪያዋን ህዋስ ይጎዳል። ጓያ ሰበረው ይባላል። ጡንቻው ግን አልሞተም። እንዲያውም ተወጥሮ ደርቋል፤ ምክንያቱም ከላይ ሆኖ ልጓም የሚይዝለት የለም። ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፣ አንድ ዱላ፣ ከዚያ ሁለት ዱላ፣ የባሰበት በእጁ እየዳኸ። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያና ፎገራ ላይ ያጠኑትን በ1990 አሳትመዋል። የገጠር ሰው የጓያ እንፋሎት ነው የሚሰብረው ይል ነበር፤ መብላቱ ነው። መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል። የተሰበረው ግን አይመለስም። ፖሊዮ ደግሞ ሁለተኛዋን ህዋስ ይገድላል፤ ያኔ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ይቀጥናል።

እስቲ ሁለቱን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ጓያ የሰበረው ሰው እሾህ ሲወጋው በደንብ ይሰማዋል፤ እግሩን ግን ማንሳት አይችልም። አባቴ እግሩን እንደፈለገ ያነሳል፤ እሳት ላይ መሆኑን ግን አያውቅም። የሚወጣውና የሚወርደው መንገድ ጎን ለጎን ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ስኳር ያለባችሁ፣ እግራችሁን ማታ ማታ እዩ። መዳፉን ማየት ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጉ፣ ወይም ልጅ ይይላችሁ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱ። የእግር ውኃ በእግር አይለካም፤ በክርን ለኩት። እሳት አጠገብ እግር አይሞቅም፤ ወፍራም ካልሲ ልበሱ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም ጫማችሁን አውልቁና "እግሬን እዩልኝ" በሉ። በቀጭን የናይለን ክር ነካ ነካ አድርገው ይመረምራሉ፤ ሕመም የለውም፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። አንዲት እናት "የደነዘዘ ይመለሳል ወይ?" አሉኝ። ከአከርካሪ ውጭ ያለ ነርቭ ተቆርጦ ቢሰፋ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ከወገብ እስከ ጣት ስትሉት ወደ ሦስት ዓመት ነው። በስኳር የሞተው ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስኳሩን መቆጣጠር የቀረውን ያተርፋል አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ወታደር ነበሩ፤ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። "ልጄ" አሉኝ፣ "የሌለው እግሬ ጣት ያሳክከኛል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይጨመድደኛል። ለሰው ብናገር አበደ ይሉኛል ብዬ ሠላሳ ዓመት አፍኜው ኖሬያለሁ።"

አላበዱም ጋሼ፣ አልኳቸው። ካናዳ ውስጥ ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። አንጎል ራሱ ሲነካ አያምም፤ ስለዚህ ሕመምተኞቹ ነቅተው እያዋሩት የአንጎላቸውን ሽፋን በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካ ነበር። አንዱን ቦታ ሲነካ "አሁን እጄን"፣ ሌላውን ሲነካ "አሁን ከንፈሬን" ይሉታል። የሰውነት ካርታ እዚያ አለ። የእርስዎ እግር ተቆረጠ እንጂ ካርታው አልተቆረጠም። የተቆረጠው ነርቭ ጫፍም አልፎ አልፎ ይጣራል። አንጎል ደግሞ ጥሪው ድሮ ከየት እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው፤ ጣት ነው ይላል። በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የሚባል ሐኪም መስታወት መሐል አቁሞ ደህናውን እጅ የሌለው ቦታ ላይ ያለ አስመስሎ አሳየ። ሰውየው ደህናውን ሲያፍታታ የሌለውም የተፍታታ መሰለው። ለሁሉም አይሠራም፤ ለአንዳንዱ ግን ያቀልለታል።

"መስታወቱ ምን ያህል ነው?" አሉኝ። ከጉልበት እስከ መሬት የሚደርስ ይበቃል አልኳቸው። እሳቸው ቤት ያለው የፊት መስታወት ብቻ ነው። እናቴ ቤት አሮጌ የቁም ሳጥን በር ከነመስታወቱ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤላቸው እሄዳለሁ።